ሁለቱም ወገኖች «ድል አደረግን» ያሉበት ውጊያ፦ ላ አንጎስቱራ ወይስ ቡዌና ቪስታ?

በ2025 መግቢያ ላይ ዩናይትድ ስቴትስና ሜክሲኮ በስሞች ሲከራከሩ ከረሙ። ዶናልድ ትራምፕ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ «የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ» እንደሚባል ባስታወቁ ማግስት፣ የሜክሲኮዋ ፕሬዚዳንት ክላውዲያ ሼንባውም በ1607 የተሠራ ካርታ ለጋዜጠኞች አሳይተው ሰሜን አሜሪካ ራሱ ለምን «ሜክሲኳዊ አሜሪካ» አይባልም ሲሉ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ ደግሞ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘውና በ2023 «ፎርት ሊበርቲ» ተብሎ የነበረው ሰፊ የጦር ሰፈር «ፎርት ብራግ» የሚለው የቀድሞ ስሙ እንዲመለስለት ተወሰነ። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ስሙ የተመለሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉት ለሮላንድ ብራግ መታሰቢያ ነው ይላል። ሰፈሩ በ1918 ሲመሠረት ግን ስሙን ያገኘው ከሌላ ብራግ፣ ከጄኔራል ብራክስተን ብራግ ነበር። እኚህ ጄኔራል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ይዞ ለመቆየት ለተገነጠለው የደቡብ ወገን የተዋጉ በመሆናቸው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ነው። ስማቸው መጀመሪያ በመላ አገሪቱ የገነነው ግን ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰሜን ሜክሲኮ ባለ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ በተደረገ የሁለት ቀን ውጊያ ነው።

ይህን ውጊያ ሜክሲኮዎች «ላ አንጎስቱራ»፣ አሜሪካውያን ደግሞ «ቡዌና ቪስታ» ይሉታል። የተደረገው ፌብሩዋሪ 22 እና 23 ቀን 1847፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1839 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሌሎች ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ልዩነቱ በስም ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የሁለቱም ጦር አዛዦች በየፊናቸው ለመንግሥታቸው ድል ማድረጋቸውን ጽፈዋል፤ ሁለቱም ያንን ድል ይዘው ወደ ሥልጣን ወጥተዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ የዘለቀው በሜዳው ላይ የሆነው ነገር ተሰውሮ አይደለም፤ የሆነው በአመዛኙ ይታወቃል። የዘለቀው «ድል» የሚለውን ቃል ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መስፈሪያ ስለሰፈሩት ነው።

ከሥሩ አከራካሪ የነበረ ጦርነት

ሜክሲኮ ከስፔን ነጻ የወጣችው በ1821 ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ቴክሳስ ዐምፃ ራሷን የቻለች አገር ነኝ አለች፤ ሜክሲኮ ግን ይህን አልተቀበለችም። በ1845 ዩናይትድ ስቴትስ ቴክሳስን ስትጠቀልል የድንበሩ ጥያቄ አፍጥጦ መጣ። ሜክሲኮ የቴክሳስ ወሰን የኑዌሴስ ወንዝ ነው ስትል፣ ፕሬዚዳንት ጄምስ ፖልክ ወሰኑ ከዚያ በስተደቡብ የሚገኘውና አሜሪካውያን ሪዮ ግራንዴ፣ ሜክሲኮዎች ሪዮ ብራቮ የሚሉት ወንዝ ነው አሉ። ካሊፎርኒያንና ኒው ሜክሲኮን ለመግዛት የላኩት መልእክተኛ ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ ጄኔራል ዛካሪ ቴይለር ጦራቸውን ይዘው በሁለቱ ወንዞች መካከል ወዳለው አከራካሪ መሬት እንዲገቡ አዘዙ። በኤፕሪል 1846 የሜክሲኮ ፈረሰኞች በዚያ መሬት ላይ አንድ የአሜሪካ ቃፊር ጦር ሲመቱ ፖልክ የአሜሪካ ደም በአሜሪካ መሬት ፈሰሰ ብለው ለኮንግረሱ አመለከቱ፤ ሜይ 13 ቀንም ጦርነት ታወጀ።

ደሙ የፈሰሰው በእርግጥ በማን መሬት ላይ ነው የሚለውን ጥያቄ በኮንግረሱ ውስጥ አጥብቀው ካነሡት አንዱ ከኢሊኖይ የመጡት አዲሱ የምክር ቤት አባል አብርሃም ሊንከን ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 1848 ጦርነቱ ያለ አስፈላጊነትና ሕገ መንግሥቱን በጣሰ መንገድ በፕሬዚዳንቱ የተጀመረ መሆኑን በ85 ለ81 ድምፅ አስታውቋል። ሜክሲኮዎች ይህን ጦርነት እስከ ዛሬ «የአሜሪካ ጣልቃ ገብነት» ብለው ያስተምሩታል።

በየፊናው የተቸገረ ጦር

በ1846 አጋማሽ የሜክሲኮ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጄኔራል አንቶኒዮ ሎፔስ ደ ሳንታ አና በኩባ በስደት ላይ ነበሩ። ወደ ሥልጣን ቢመለሱ ከአሜሪካ ጋር ሰላም እንደሚያወርዱ በመልእክተኛ ለፖልክ አስነገሩ፤ ፖልክም የቬራክሩዝን ወደብ የከበቡት የአሜሪካ መርከቦች ሳንታ አናን እንዲያሳልፏቸው አዘዙ። ሳንታ አና በኦገስት አገራቸው ገቡ፤ ከገቡ በኋላ ግን ሰላሙን ትተው በሳን ሉዊስ ፖቶሲ ከተማ ጦር ማሰባሰብ ጀመሩ። ይህች የመርከብ ጉዞ ኋላ ላይ ብዙ መዘዝ አምጥታለች።

ቴይለር በሴፕቴምበር ሞንቴሬይን፣ ቀጥሎም ሳልቲዮን የተባሉትን የሰሜን ሜክሲኮ ከተሞች ይዘው ነበር። ሆኖም ዋሽንግተን የጦር ዕቅዷን ለወጠች። ከሰሜን በረሃውን አቋርጦ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ መድረስ እንደማይቻል ስለታመነበት ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት በባሕር ወደ ቬራክሩዝ እንዲዘምቱ ተወሰነ። ስኮት ለዚሁ ዘመቻ በጃንዋሪ 1847 ከቴይለር ጦር ውስጥ የሠለጠነውን መደበኛ ወታደር አብዛኛውን ወሰዱት። ቴይለር ወደ ሞንቴሬይ ሰብሰብ ብለው እንዲከላከሉ ቢመከሩም አሻፈረኝ ብለው ከሳልቲዮ በስተደቡብ ሰፈሩ። በእጃቸው የቀረው ከ5,000 ያነሰ ሰው ነበር፤ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው «በጎ ፈቃደኛ» የሚባለው ነው። በጎ ፈቃደኛ ማለት በየክፍለ ግዛቱ ለተወሰነ ጊዜ ተመዝግቦ የሚዘምት፣ መኮንኖቹንም ብዙውን ጊዜ ራሱ በድምፅ የሚመርጥ ተዋጊ ነው። ኮሎኔል የሚሆነው የጦር ትምህርት ያለው ሳይሆን በአገሩ ሰው ዘንድ የተወደደው ነበር፤ ይህ ጉዳይ በውጊያው ላይ የማይናቅ ዋጋ አስከፍሏል።

የስኮትን ዕቅድ የያዘ ደብዳቤ ይዞ ሲጓዝ የነበረ የአሜሪካ መኮንን ተገድሎ ደብዳቤው በሜክሲኮዎች እጅ ወደቀ። ሳንታ አና የቴይለር ጦር መሳሳቱን ያወቁት በዚህ ነው። ስኮት ቬራክሩዝ ሳይደርሱ ቴይለርን ቢደመስሱ ሰሜኑ ነጻ ይወጣል፣ የሕዝቡም ልብ ይመለሳል፣ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ የሚነቀፍ አልነበረም። ችግሩ መንገዱ ነው። ሳንታ አና ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ይዘው በጃንዋሪ መጨረሻ ከሳን ሉዊስ ፖቶሲ ተነሥተው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ በሌለበት ደጋ በረሃ ተጓዙ። ከወታደሩ ብዙው በ«ሌቫ» የመጣ ነበር፤ ሌቫ እኛ አፈሳ የምንለው ነው፣ ገበሬውን ከእርሻው፣ እስረኛውን ከወህኒው ለቅሞ ጠመንጃ ማስያዝ። ሴቶችና ልጆች ስንቅ ተሸክመው፣ ምግብ እያበሰሉ ከኋላ ይከተሉ ነበር። ሌሊት በረዶ፣ ቀን ጥም፤ ገሚሱ በመንገድ ሞተ፣ ገሚሱ ከዳ። ከውጊያው ቦታ የደረሰው 15,000 ያህል እንደነበር ይገመታል።

ስሙ የሚነግረን

ቴይለር መጀመሪያ የሰፈሩት አጉዋ ኑዌቫ በሚባል ገላጣ ስፍራ ነበር። የሳንታ አና ጦር መቃረቡን ቃፊሮች ሲያረጋግጡ ፌብሩዋሪ 21 ቀን መጋዘናቸውን አቃጥለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የቴይለር ምክትል ጄኔራል ጆን ዉል ቀድመው አጥንተው የመረጡት መከላከያ ከሳልቲዮ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሸለቆ ነው። በስተምዕራብ ጎርፍ የቦረቦረው፣ መድፍም ፈረስም የማያሻግር ሸጥ አለ፤ በስተምሥራቅ እስከ ሴራ ማድሬ ተራሮች ሥር የሚዘልቅ፣ በገደላማ ቦረቦሮች የተቆራረጠ አምባ አለ። መንገዱ በሁለቱ መካከል ይጠባል። «ላ አንጎስቱራ» ማለትም ጥበት ወይም ጠባቡ ቦታ ማለት ነው። «ቡዌና ቪስታ» ደግሞ መልካም እይታ ማለት ሲሆን፣ ከጠባቡ ቦታ ኋላ በአሜሪካውያን ወገን የነበረ «ሃሲዬንዳ»፣ ማለትም የአንድ ባለርስት ሰፊ የእርሻ ግቢ ስም ነው።

እንግዲህ ሜክሲኮዎች ውጊያውን የሚጠሩት ሊሰብሩት በታገሉት በር ነው፤ አሜሪካውያን የሚጠሩት ሳያስነኩ ለማቆየት በታገሉት ሰፈር ነው። ሁለቱ ስሞች ራሳቸው ሁለት ጦር ከየት ቆሞ ሜዳውን እንዳየው ይናገራሉ።

ሳንታ አና በአጉዋ ኑዌቫ የሚጨሰውን ሲያዩ ጠላት የሸሸ መሰላቸው። ጦራቸው ሳያርፍ፣ ሳይበላና በቂ ውኃ ሳይጠጣ እንዲከታተል አዘዙ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን ከጠባቡ ቦታ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሽሽት ሳይሆን ተሰልፎ የቆመ ጦር ነው። በሃያ ሺህ ሰው ተከብባችኋልና እጃችሁን ስጡ የሚል ደብዳቤ ላኩ፤ ለመልስ የሰጡት ጊዜ አንድ ሰዓት ነበር። ቴይለር ጥያቄውን እንደማይቀበሉት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መለሱ። ከሰዓት በኋላ በተራራው ጥግ ላይ ቀላል ተኩስ ተደርጎ መሸ።

የፌብሩዋሪ 23 ውሎ

ጠዋት ከተኩሱ በፊት የሜክሲኮ ጦር በሰልፍ ቆሞ ቅዳሴ ተቀደሰለት፤ አሜሪካውያኑ ከሸለቆው ማዶ ሆነው የሙዚቃ ጓዱን ድምፅና የደንብ ልብሱን ቀለም ሲያዩና ሲሰሙ እንደነበር ኋላ ላይ ጽፈዋል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ያለ ቁርስ እንደቆመ ከሩቅ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሳንታ አና መንገዱ በመድፍ መዘጋቱን ስላዩ ዋናውን ኃይል ወደ አምባው፣ ማለትም ወደ አሜሪካውያን ግራ ክንፍ አዞሩት። እዚያ ከቆሙት መካከል ሁለተኛው የኢንዲያና በጎ ፈቃደኛ ሬጅመንት ይገኝበታል። ሬጅመንቱ ከእርሱ በብዙ እጥፍ ከሚበልጥ እግረኛ ጋር ፊት ለፊት ተታኩሶ ብዙ ሰው ከወደቀበት በኋላ፣ አዛዡ ኮሎኔል ዊልያም ቦውልስ ተኩስ አቁመው እንዲያፈገፍጉ አዘዙ። ባልሠለጠነ ጦር ላይ ማፈግፈግና መሸሽ አንድ ናቸው፤ ሬጅመንቱ ተፈታ፣ የግራው ክንፍ ተከፈተ፣ አንድ መድፍም ተማረከ። በዚያ ሰዓት ቴይለር በቦታው አልነበሩም፤ ለሳልቲዮ ሰግተው ሌሊቱን እዚያ አድረው ነበር። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ግድም ሲመለሱ ያዩት ከአምባው ላይ ወደ ኋላ የሚጎርፍ የራሳቸውን ሰው ነው።

ከቴይለር ጋር የመጡት ኮሎኔል ጄፈርሰን ዴቪስ የሚያዝዙት የሚሲሲፒ ሬጅመንት ወታደሮች ከሌላው ጦር የሚለዩት በጠመንጃቸው ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው እግረኛ የሚይዘው አፈ ሙዙ ልሙጥ የሆነ፣ ከሩቅ የማያነጣጥር ጠመንጃ ሲሆን፣ የእነዚህ ግን ውስጡ ጠምዛዛ ስለነበር አረሩን ራቅ ወዳለ ዒላማ በትክክል ይወረውር ነበር። እነርሱና ሦስተኛው የኢንዲያና ሬጅመንት የመጣባቸውን ፈረሰኛ በሁለት ወገን አጥምደው መለሱት። ሌላው የሜክሲኮ ፈረሰኛ እስከ ቡዌና ቪስታ ግቢ ዘልቆ ከተዋጋ በኋላ ተመለሰ፤ የአርካንሳሱ ኮሎኔል አርችባልድ የል የወደቁት እዚያ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ከክርክሮቹ ሁሉ በጣም የተወሳሰበው ነው። በጣም ወደ ፊት የገፋው የሜክሲኮ ኃይል ከተራራው ሥር ተጣብቆ በመድፍ ሲመታ፣ በመካከሉ ነጭ ሰንደቅ ታየና ተኩስ ቆመ። ቴይለር የተፈለገውን እንዲጠይቁ ጄኔራል ዉልን ላኩ። ንግግሩ ፍሬ ሳያፈራ፣ በመሐሉ የተጣበቀው ጦር ሾልኮ ወጣ። አሜሪካውያን ይህ የሳንታ አና ተንኮል ነው አሉ፤ በሌላ ትረካ ግን አንድ ከወገኖቹ የተቆረጠ የሜክሲኮ መቶ አለቃ ነፍሱን ለማዳን መልእክተኛ መስሎ የፈጠረው ግርግር ነው። ውጊያው በተጧጧፈበት ሰዓት፣ ትእዛዝ በፈረስ በሚተላለፍበት ዘመን፣ ሁለተኛው ትረካ የማይታመን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሳንታ አና የቀራቸውን ተጠባባቂ ጦር አሰባስበው የመጨረሻውን ጥቃት ሰነዘሩ። ሜክሲኮዎች እየለቀቁ ነው ብለው ወደ ፊት የወጡ የኢሊኖይና የኬንታኪ ሬጅመንቶች ከዚህ ጥቃት ጋር ድንገት ተፋጠጡና ወደ አንድ ቦረቦር ውስጥ ተገፉ። ኮሎኔል ጆን ሃርዲን፣ ኮሎኔል ዊልያም መኪ እና ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ክሌይ ልጅዬው የሞቱት በዚያ ገደል ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው የታዋቂው የፖለቲካ ሰው የሄንሪ ክሌይ ልጅ ናቸው። የመቶ አለቃ ጆን ኦብራያን ሁለት መድፎች ተኳሾቻቸው ሞተውና ቆስለው እስኪያልቁ ድረስ ቆመው ተማረኩ።

ክፍተቱን የዘጋው መድፍ ነው። አሜሪካውያን በ1840ዎቹ ያዳበሩት «በራሪ መድፈኛ» የሚባል ስልት ነበራቸው፤ ቀላል መድፍ በፈረስ እየተጎተተ፣ ተኳሾቹም በፈረስ እየተከተሉት ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው በደቂቃዎች ይደርሳል። የሜክሲኮ መድፎች ከባድና ዘገምተኛ ነበሩ። የሻምበል ብራግ መድፎች በዚያች ሰዓት ደርሰው ያለ እግረኛ ጠባቂ ከጠላት ፊት ቆሙና በቅርብ ርቀት የሚበተን አረር መትፋት ጀመሩ። ይህ ዓይነቱ አረር እንደ ወይን ዘለላ የታሰሩ፣ ወይም በቆርቆሮ የታጨቁ ትናንሽ የብረት ፍሬዎች ሲሆን፣ ከአፈ ሙዙ ሲወጣ ይበተንና በአንድ ተኩስ ብዙ ሰው ያጭዳል። ጥቃቱ ተሰበረ። ቴይለር በዚህ ጊዜ «ሻምበል ብራግ፣ ትንሽ የወይን አረር ጨመር ያድርጉ» አሉ የሚባለው ቃል በጋዜጣ ተራብቶ ከአንድ ዓመት በኋላ የምርጫ መፈክር ሆነ፤ በትክክል እንዲህ ስለማለታቸው ግን የታሪክ ጸሐፊዎች አጥብቀው ይጠራጠራሉ።

ሌሊት የተለቀቀው ሜዳ

ሲመሽ ሁለቱም ጦር ከሜዳው ላይ ነበር። አሜሪካውያን 267 ሙትና ከ450 በላይ ቁስለኛ ቆጥረዋል፤ ከቴይለር ጦር ከመቶ 15 ያህሉ ማለት ነው። ሜክሲኮዎች 600 ያህል ሙት፣ ከ1,000 በላይ ቁስለኛና ከ1,800 በላይ የጠፋ ሰው ነበራቸው። ሳንታ አና የጄኔራሎቻቸውን ምክር ሰምተው፣ ስንቅና ውኃ ስላለቀ ጦሩ ወደ አጉዋ ኑዌቫ እንዲመለስ አዘዙ፤ ጠላት እንዳያውቅ እሳቱ እየነደደ ተተወ። በማግስቱ ጠዋት አሜሪካውያን ሌላ ጥቃት ሲጠብቁ ባዶ ሜዳ አዩ። ቴይለርና ዉል ተቃቀፉ ይባላል።

በሜክሲኮ በኩል ብዙ ጊዜ የሚደመጥ አንድ ማብራሪያ አለ፤ ሳንታ አና የተመለሱት በዋና ከተማዋ ዐመፅ ስለተነሣ ነው የሚል። ቀኑን ማስተያየት ይህን ለመመዘን ይበቃል። ለጦርነቱ ወጪ ከቤተ ክርስቲያን ንብረት 15 ሚሊዮን ፔሶ እንዲሰበሰብ ጃንዋሪ 11 የወጣው ሕግ ከተማዋን እያናወጠ እንደነበር እውነት ነው። «የፖልኮዎች ዐመፅ» የሚባለው ግን የፈነዳው ፌብሩዋሪ 27 ቀን ነው፤ ጦሩ ከአንጎስቱራ የወጣው ፌብሩዋሪ 23 ሌሊት። ዐመፁ ሳንታ አና ወደ ዋና ከተማዋ ለምን እንደተጣደፉ ያስረዳል እንጂ ሜዳውን ለምን እንደለቀቁ ሊያስረዳ አይችልም።

የመልሱ ጉዞ ከውጊያው የከፋ ነበር። ቁስለኞች በየጣቢያው ተትተው ቀሩ፤ ተቅማጥ፣ ብርድና ረኃብ ውጊያው ያስተረፈውን ጨረሰው። ከሳን ሉዊስ ፖቶሲ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ከዚያ ጦር 10,000 ያህል ሰው እንደጎደለ ብዙዎች ይገምታሉ። ስለ ድሉ ከተጻፈው ገጽ ብዛት አንጻር ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ የአብዛኞቹ ስም እንኳ አልተመዘገበም።

ድል በምን ይለካል?

የአሜሪካውያን መስፈሪያ ጥንታዊ ነው፤ ሜዳው ላይ ያደረ ድል አድራጊ ነው። በዚህ መስፈሪያ ክርክር የለም። የሳንታ አና መስፈሪያ ደግሞ ምርኮ ነው፤ ሦስት መድፎችና ሰንደቆች በእጃቸው ነበሩ፣ ጠላት ከጠዋቱ ቦታው ተገፍቶ ነበር፣ የተመለሱትም በረኃብ እንጂ በአሜሪካውያን ተባረው አይደለም። ይህም በየነጥቡ ሲታይ ሐሰት አይደለም። የጦር ሳይንስ «ታክቲክ» እና «ስትራቴጂ» ብሎ የሚለየው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ታክቲክ በአንድ ሜዳ ላይ የሚደረገው የውጊያ አካሄድ ሲሆን፣ ስትራቴጂ ያ ውጊያ ለጦርነቱ ግብ የሚያመጣው ነው።

በታክቲክ ረገድ ሜክሲኮዎች ጠዋቱን አሸንፈዋል፤ ከሰዓት በኋላ የተካሄደው ውጊያ ደግሞ ወደ ማንም ሳያደላ አበቃ ማለት ይቻላል። በስትራቴጂ ግን ሁለቱ ወገኖች የሚያስፈልጋቸው እኩል አልነበረም። ቴይለር ካሉበት አለመነቀል ብቻ ይበቃቸዋል። ሳንታ አና ደግሞ ቴይለርን መደምሰስ ነበረባቸው፤ ግማሽ ድል ለእርሳቸው እንደ ሽንፈት ነው፣ ምክንያቱም ያንን ጦር በዚያ በረሃ ሁለተኛ ማሻገር አይቻልም። ስኮት ቬራክሩዝ የወረዱት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማርች 9 ቀን ነው። ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ ግምት የሜክሲኮ ወታደር በሜዳው ላይ አልተሸነፈም፤ ዘመቻው ግን ተሸንፏል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለሁለቱም አገሮች የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከብዷቸው ኖሯል።

የክህደቱ ክስ

በሜክሲኮ ውስጥ ያለው ክርክር ከውጭው የበረታ ነው። ድል በእጅ ገብቶ ሳለ ሳንታ አና ሆን ብለው ጣሉት የሚሉ ነበሩ። ራሞን ጋምቦዋ የተባሉ የምክር ቤት እንደራሴ በአገር ክህደት ከስሰዋቸው ሳንታ አና ረጅም የጽሑፍ መልስ ሰጥተዋል። የክሱ ዋና ማስረጃ ያቺ በአሜሪካ መርከቦች መካከል የተደረገች ጉዞ ናት፤ ማን ያለ ውል ያሳልፋቸዋል?

ክሱን ምን እንዳስነሣው ለመረዳት አያስቸግርም፤ ግማሽ አገሩን ያጣ ሕዝብ ምክንያት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ማስረጃው ወደዚያ አይመራም። የተገዛ ሰው 20,000 ሰው አሰባስቦ በብርድ ወራት በረሃ አያቋርጥም፤ ሳንታ አና ራሳቸው በውጊያው ፈረሳቸው ተመትቶባቸዋል። የሚያስወቅሳቸው ሌላ ነው። ያልበላ ጦር ይዘው ጠላት ሸሸ በሚል ግምት መጣደፋቸው፣ ጥቃቶቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ መላካቸው፣ ከዚያም ጥፋቱን በሌላ ላይ ማላከካቸው። ከኋላ በኩል ሳልቲዮን እንዲመቱ የታዘዙት የፈረሰኛ አዛዥ ጄኔራል ሚኞን ተግባራቸውን አልፈጸሙም ተብለው ታስረዋል። የሚኞን መዘግየት የማይናቅ ቢሆንም፣ የስንቁ ጉዳይ የዋናው አዛዥ እንጂ የእርሳቸው አልነበረም።

የኢንዲያናዎች ቅሬታ

በአሜሪካ በኩልም ድሉ ሰላም አላመጣም። ቴይለር በሪፖርታቸው የሚሲሲፒን ሬጅመንት አሞግሰው ሁለተኛውን የኢንዲያና ሬጅመንት ስለ መሸሹ ነቀፉ። ዴቪስ የሟች ልጃቸው ባል የነበሩ መሆናቸው ሐሜቱን አባባሰው። የኢንዲያናዎቹ የበላይ አዛዥ ጄኔራል ጆሴፍ ሌን የጠየቁት መርማሪ ጉባኤ በዚያው ዓመት ተሰይሞ፣ ሬጅመንቱ የሸሸው በአዛዡ በኮሎኔል ቦውልስ ትእዛዝ መሆኑን አረጋገጠ፤ ኮሎኔሉ የሥራቸውን ዕውቀት ይጎድላቸዋል ቢባሉም በፈሪነት አልተከሰሱም። ታዝዞ ያፈገፈገ ወታደር ፈሪ ተብሎ ወደ መንደሩ መመለሱ ከባድ ነው፤ ኢንዲያናዎች ለብዙ ዓመታት ይህን ሲያስተባብሉ ኖረዋል። ከእነርሱ መካከል ከተበተኑ በኋላ ተሰባስበው ከሚሲሲፒዎቹ ጎን ተሰልፈው የተዋጉ ነበሩ።

ድሉን የተጠቀሙበት

ሳንታ አና ምርኮውን ይዘው ሜክሲኮ ሲቲ ሲገቡ የድል አድራጊ አቀባበል ተደረገላቸው። በዚያ ክብር ፕሬዚዳንትነቱን ተረክበው ዐመፁን አበረዱ። ከሳምንታት በኋላ፣ ኤፕሪል 18 ቀን፣ በሴሮ ጎርዶ በስኮት ድል ተመቱ፤ ዋና ከተማዋም በሴፕቴምበር ተያዘች። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ የተፈረመው ውል ካሊፎርኒያንና ዛሬ የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚባለውን አብዛኛውን መሬት በ15 ሚሊዮን ዶላር አሳልፎ ሰጠ። ቴክሳስ ሲጨመር ሜክሲኮ ከግዛቷ ግማሽ በላይ አጥታለች።

ቴይለር በበኩላቸው ከቡዌና ቪስታ ወዲህ አንድም ትልቅ ውጊያ አላደረጉም። በ1848 የዊግ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበው ሄንሪ ክሌይን ትቶ እርሳቸውን ነው፤ ልጃቸውን በዚያ ሜዳ ያጡት አባት በዚያው ሜዳ ዝና ተበለጡ። ዴቪስ ሴናተር፣ ቀጥሎም የጦር ሚኒስትር፣ በ1861 የተገንጣዩ ደቡብ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ብራግም ከጄኔራሎቻቸው አንዱ ነበሩ። ከሜክሲኮ በተወሰደው መሬት ላይ ባርነት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ጠብ ሁለቱን ወደዚያ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

ዛሬ በሳልቲዮ ከተማ በዚህ ውጊያ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ፤ ስሙም የአንጎስቱራ ውጊያ ሙዚየም ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ቡዌና ቪስታ የሚባሉ ከተሞችና በአዮዋ አንድ አውራጃ ይገኛሉ። የፎርት ብራግ ስም በይፋ ወደ ሌላ ብራግ ቢዞርም ሌላ የጦር ሰፈር በዚያ ሜዳ የነበረ ሰው ስም ሳይለቅ ይዟል። የቴይለር ረዳት የነበሩትና የጄኔራላቸውን ቃል እያረሙ በመጻፍ የታወቁት ዊልያም ብሊስ በስማቸው ፎርት ብሊስ ተሰይሞላቸዋል። ይህ ሰፈር የሚገኘው በኤል ፓሶ፣ ከሜክሲኮዋ ሲውዳድ ዋሬዝ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላቸው የሚፈሰውን ወንዝ በስተሰሜን ያሉት ሪዮ ግራንዴ፣ በስተደቡብ ያሉት ሪዮ ብራቮ ይሉታል።